መብራት ለሚሄድበት ቢሮ የሊኑክስ ሰርቨር ጥገናን በስክሪፕት ማስኬድ፦ ክሮን ወይስ ታይመር? ቦርግ ወይስ ሬስቲክ?

ጅማ ውስጥ የራሱ ሊኑክስ ሰርቨር ያለው ትንሽ ቢሮ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። "ሰርቨር" የሚባለው ራም የተጨመረለት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። አጠገቡ ዩፒኤስ አለ፤ ባትሪው ግን ከተቀየረ ቆይቷል። ላዩ ላይ የቡና አቅራቢው ሒሳብ፣ የክሊኒኩ የታካሚ መዝገብ ወይም የትምህርት ቤቱ የውጤት ዳታቤዝ ይሠራል። የአይቲ ባለሙያው አንድ ሰው ነው። እሱም ፕሪንተር ይጠግናል፣ ዋይፋይ ያስተካክላል፣ ሲያስፈልግ ካሜራ ይሰቅላል።

ይህ ሰው ሰርቨሩን በየቀኑ ቁጭ ብሎ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ስክሪፕት ይጽፋል። ችግሩ አማራጩ መብዛቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት መመሪያዎች ደግሞ አብዛኞቹ መብራት ለማይጠፋበት ዳታ ሴንተር የተጻፉ ናቸው። እዚህ ክረምቱ ከገባ ዝናቡና መብረቁ አይጣል ነው። ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ሆኖም መብራት ይሄዳል።

እኔ መሣሪያ ስመርጥ ሁለት ጥያቄ አስቀድማለሁ። ሥራው ሳይሠራ ቢቀር ማን ያውቃል? እኔስ ነገ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ ብሄድ፣ የሚተካኝ ልጅ አንብቦ ይረዳዋል? ፍጥነቱ፣ የስክሪኑ ማማር፣ "ዘመናዊ ነው" መባሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ትልቁ ጉዳት ድምፅ አያሰማም። ቢሮው ይሠራል፣ ሰርቨሩ ይሠራል፣ ባክአፑ ግን ከሦስት ወር በፊት ቆሟል።

ሥራውን በሰዓቱ የሚቀሰቅሰው

ሦስት አማራጭ አለ፦ ክሮን፣ አናክሮን እና የሲስተምዲ ታይመር። ሲስተምዲ የሊኑክሱን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው።

ክሮንን ሁሉም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ የዩኒክስ ዘመን ጀምሮ አለ። አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ድክመቱ አንድ ቢሆንም ለእኛ ከባድ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሰርቨሩ ጠፍቶ ከነበረ ክሮን ያንን ሥራ ይረሳዋል። ለሌሊት 8 ሰዓት የተቀጠረ ባክአፕ መብራት 7 ሰዓት ሄዶ 11 ሰዓት ቢመለስ ያን ሌሊት የለም። ማንም አይነግራችሁም። በሳምንት አንዴ ለእሁድ ሌሊት ከቀጠራችሁት ደግሞ አንድ መጥፎ እሁድ የሳምንት ባክአፕ ይበላል።

አናክሮን ለዚህ የተሠራ ነው። "ይህ ሥራ በቀን አንዴ ይሠራ" ትሉታላችሁ። ማሽኑ ሲነሳ መቼ እንደሠራ አይቶ፣ ቀኑ ካለፈ ይሠራዋል። ሰዓት ግን አይቆጥርም፤ የሚያውቀው ቀን ብቻ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ዳታቤዝ ለመገልበጥ አይሆንም።

የሲስተምዲ ታይመር ሁለቱንም ይችላል። "ፐርሲስተንት" የሚለውን አማራጭ ካበራችሁ ያመለጠውን ቀጠሮ ሰርቨሩ እንደተነሳ ይሠራዋል። የሥራው ወሬ በሙሉ ጆርናል በሚባለው መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ መቼ ጀመረ፣ መቼ ጨረሰ፣ ምን ብሎ ወደቀ የሚለውን አንድ ቦታ ታገኙታላችሁ። ሥራው ሲወድቅ ሌላ ሥራ እንዲያስነሳ ማድረግም ይቻላል። መልእክት የሚልከውን ስክሪፕት እዚያ ላይ ትሰኩታላችሁ። ጉዳቱ በአንድ መስመር ፈንታ ሁለት ፋይል መጻፍ ማስፈለጉ ነው። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል።

ፍርዴን ልናገር። መብራት በሚሄድበት ቢሮ ባክአፕ በታይመር ይሁን። ክሮን ቢያመልጥ ለማይጎዳ ነገር ይቅር፤ ጊዜያዊ ፋይል ለማጽዳትና ለመሳሰለው።

ታይመሩ የራሱ ጣጣ እንዳለው ግን እወቁ። መብራት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢመጣ ያመለጠው ባክአፕ ያኔውኑ ይጀምራል። ሠራተኛው ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ዲስኩ ተይዞ ይጠብቀዋል። "ዛሬ ሲስተም የለም" የሚለው ወሬ ቢሮውን ለማዳረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለዚህ ባክአፑ በናይስና በአዮናይስ ዝቅ ባለ ቅድሚያ እንዲሄድ አድርጉ። ታይመሩ ላይም ትንሽ መዘግየት ጨምሩ። ሥራው በክሮን የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ፍሎክን አትርሱ፤ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ላዩ ላይ እንዳይጀምር ይከለክላል።

የሰዓታችን ነገርም አለ። ክሮንም ታይመሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሄዱት። ሌሊት 8 ሰዓት ለማለት 2 ነው የሚጻፈው። 8 ብትጽፉ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሰው በሚገባበት ሰዓት ማለት ነው። ሰርቨሩ ውጭ አገር የተከራያችሁት ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ እዚያ 2 የተባለው እዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። የመጀመሪያ ሥራችሁ የሰዓት ቀጠናውን አፍሪካ አዲስ አበባ ላይ ማድረግ ይሁን።

ቀኑም እንደዚያው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ለብቻው የሚቀመጥ ባክአፕ የሚፈልግ ሒሳብ ክፍል ብዙ ነው። ክሮን ሰኔን አያውቅም። ደግነቱ በእኛ ዘመን ሰኔ 30 ሁልጊዜ ጁላይ 7 ላይ ይውላል፤ አንዴ ጽፋችሁ መተው ትችላላችሁ። ከመስከረም እስከ ጥር ያሉት የወር መጨረሻዎች ግን በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ። ለእነሱ ስክሪፕቱ በየቀኑ ይነሳና የኢትዮጵያን ቀን ራሱ አስልቶ ይወስን።

ሌላው ከስክሪፕት ውጭ ነው፤ ካልተሠራ ግን ስክሪፕቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ አድርጉ። የማዘርቦርዱን ሲአር 2032 ባትሪም ቀይሩ። ያ ባትሪ የሞተበት ዴስክቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ተበላሽቶ ሊነሳ ይችላል። ኢንተርኔት ኖሮ ክሮኒ የሚባለው ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም ሰዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ ታይመሮቹ በተሳሳተ ቀን ይሄዳሉ። ዩፒኤስ ስትገዙ ደግሞ የዩኤስቢ የመረጃ ገመድ ያለውን ምረጡ። ያኔ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ፕሮግራም ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋዋል። ገመድ የሌለው ዩፒኤስ ለሰርቨሩ ምንም አይነግረውም፤ ድንገት ነው የሚጥለው።

ስክሪፕቱ በምን ይጻፍ?

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ፋይል ማንቀሳቀስና ትእዛዝ መደርደር ብቻ ከሆነ ባሽ ይበቃል። ቁጥር ማወዳደር፣ ቀን ማስላት፣ ከቴሌግራም ጋር መነጋገር ሲመጣ ፓይዘን ይሻላል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተመርቆ የሚመጣ ልጅም ብዙውን ጊዜ ከባሽ ይልቅ ፓይዘን ይቀለዋል። የሚተካችሁ ሰው እሱ ከሆነ ይህን አስቡ።

ብዙ ሰርቨር ከአንድ ቦታ የሚያዘጋጀው አንሲብል የሚያዋጣው ሰርቨሮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው። ሰርቨሮቹ ላይ ለብቻው የሚጫን ኤጀንት የለውም፤ በኤስኤስኤች፣ ማለትም በተለመደው የርቀት መግቢያ ገብቶ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ አንድን ትእዛዝ አሥር ጊዜ ብታስኬዱት ውጤቱ አንድ ነው፤ የተስተካከለውን እንደገና አይነካም። ለአንዲት ሰርቨር ግን ከመጠን በላይ ነው። የሰዓት ጠባቂ ምትክ እንዳልሆነም አስታውሱ። ከላፕቶፓችሁ የምታስኬዱት ከሆነ ላፕቶፑ ሲዘጋ እሱም የለም።

ባሽ ለምትጽፉ ግን አንድ ወጥመድ በደንብ ላስረዳ። ብዙ ቢሮ ውስጥ ያለው የባክአፕ ስክሪፕት የዳታቤዙን ዳምፕ (ወደ ፋይል የወጣ ግልባጩን) በፓይፕ፣ ማለትም ትእዛዝን ከትእዛዝ በሚያገናኘው መስመር፣ ጂዚፕ ወደሚባለው መጭመቂያ ይልካል። ባሽ በልማዱ የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ብቻ ነው። ፓስወርድ ተቀይሮ ዳምፑ ቢከሽፍ፣ ጂዚፕ ባዶውን ጨምቆ "ተሳክቷል" ይላል። በየሌሊቱ ቀን የተጻፈበት ቆንጆ ፋይል ይፈጠራል። ሲታይ 20 ባይት ነው። መድኃኒቱ ስክሪፕቱ ራስጌ ላይ "ፓይፕፌል" የሚለውን አማራጭ ማብራት ነው። ከዚያ በኋላ የፋይሉን መጠን የሚመረምር አንድ መስመር ጨምሩ፤ ከትናንቱ በግማሽ ካነሰ ይጩህ።

ባክአፕ፦ ታር፣ አርሲንክ፣ ቦርግ፣ ሬስቲክ

ከመሣሪያው በፊት አንድ ነገር። በሥራ ላይ ያለ የዳታቤዝ ፋይል በአርሲንክም ይሁን በቦርግ እንዲሁ አይገለበጥም። ሲገለበጥ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ለማይኤስኪውኤል ማይኤስኪውኤልደምፕን "ሲንግል ትራንዛክሽን" ከሚለው አማራጭ ጋር፣ ለፖስትግሬስ ደግሞ ፒጂደምፕን ተጠቀሙ። መሣሪያው የሚይዘው የዳምፑን ፋይል ይሁን። የፒችትሪ ሒሳብ ያላቸው ደግሞ ከራሱ ከፒችትሪ የወጣውን የባክአፕ ፋይል ሼር ፎልደር ላይ ያስቀምጡ፤ ሊኑክሱ እሱን ይያዝ።

ታር ቀላሉ ነው። አንድ ፋይል ይሰጣችኋል፣ የትም ይከፈታል፣ ፓስወርድ አይጠይቅም። ከሃያ ዓመት በኋላም የሚከፍተው አይጠፋም። በየቀኑ ሁሉንም ከመጀመሪያው መገልበጡ ነው ክፋቱ። መረጃው 2 ጊጋባይት ከሆነ ምንም አይደለም። 200 ከሆነ ዲስኩ በሳምንት ይሞላል።

አርሲንክ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ ነው። የተለወጠውን ብቻ ስለሚልክ ደካማ መስመር ላይ ይመሰገናል። የሚወስደውን ፍጥነት ገድባችሁ ቀን ላይም ማስኬድ ትችላላችሁ። ነገር ግን አርሲንክ ብቻውን መስታወት ነው፤ ባክአፕ አይደለም። ዴሊት የሚለው አማራጭ ከበራ፣ ሠራተኛ በስህተት ያጠፋው ፎልደር ማታ ከኮፒውም ይጠፋል። ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የቆለፈው ፋይልም ማታ እንደተቆለፈ ወደ ኮፒው ይሄዳል። ይህን የሚያርመው ሊንክ ዴስት የሚባለው አማራጭ ነው። በየቀኑ ሙሉ የሚመስል ፎልደር ይሠራል፤ ያልተለወጠው ፋይል ግን ተጨማሪ ቦታ አይወስድም። አርስናፕሾት ይህንኑ አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። ኤክስተርናል ዲስኩ ግን በኤክስቲ4 ፎርማት መደረግ አለበት። ከሱቅ እንደመጣ ኤክስፋት ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም።

አርስናፕሾት የምወድለት ምክንያት ሌላ ነው። መልሶ ለማውጣት ምንም ፕሮግራም አይፈልግም። ዲስኩን ትሰካላችሁ፣ የቀኑን ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ ፋይሉን ትገለብጣላችሁ። ሊኑክስ የማያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ እንኳ በስልክ እየተነገራት ልታወጣው ትችላለች። የአይቲ ባለሙያው ከከተማ ውጭ ሲሆን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቦርግና ሬስቲክ ሌላ ደረጃ ናቸው። ሁለቱም ፋይሉን ቆራርጠው አንድ ዓይነት ቁራጭ ሁለቴ አያስቀምጡም። ሁለቱም ይመሰጥራሉ፤ ሬስቲክ ያለ ምስጠራ ጭራሽ አይሠራም። የሠላሳ ቀን ባክአፕ ከአንድ ቀን ብዙም ያልበለጠ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ልዩነታቸው የሚመጣው ወዴት ትልካላችሁ በሚለው ላይ ነው። ቦርግ በኤስኤስኤች ሲሄድ ወዲያኛው ማሽን ላይም ቦርግ እንዲኖር ይፈልጋል። ሬስቲክ ኤስኤፍቲፒ የሚባለው ተራ የፋይል መላኪያ ይበቃዋል፤ ክላውድ ላይም በቀጥታ ይጽፋል። አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ውስጥ የራሳችሁ ሊኑክስ ካለ ቦርግ። የሌላ ሰው ማከማቻ ላይ የምትጥሉ ከሆነ ሬስቲክ።

ክላውዱ ርካሽ ነው ሲባል በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ላለው ነው። ለብዙ የጅማ ቢሮ ይህ በር ዝግ ነው። ካርዱ ቢኖርም ስሌቱን ሥሩ። የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 20 ጊጋባይት ለመላክ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ ሳይቆራረጥ። ከዚያ በኋላ ግን በቀን የሚለወጠው 300 ሜጋባይት ቢሆን 20 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በኤክስተርናል ዲስክ ይዛችሁ በአውቶቡስ ውሰዱት። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናው ከመስመሩ ይቀድማል። የየቀኑን ለውጥ በመስመር ላኩ።

መስመር ሲቆረጥ ሁለቱም አያሳፍሯችሁም። ቦርግ በልማዱ በየ30 ደቂቃው የደረሰበትን ምልክት ያደርጋል። ሬስቲክም የላከውን ቁራጭ እንደገና አይልክም። የሚያስቸግረው የተተወው መቆለፊያ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ የሞተ ሥራ "ተይዟል" የሚል ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ሰው እንዳይጠራበት ስክሪፕታችሁ ይህን ራሱ ይፍታ። ሌላ ሥራ እየሠራ አለመሆኑን ግን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ሦስት ትንንሽ ነገሮች፤ ብዙ ሰው የሚነጫነጭባቸው ናቸው። ዳምፑን በጂዚፕ ጨምቃችሁ ለቦርግ ወይም ለሬስቲክ አትስጡ። የተጨመቀ ፋይል ትንሽ ሲለወጥ ሁሉም ስለሚለወጥ ቁራጮቹ አይገጣጠሙም። መጭመቁን ለእነሱ ተዉላቸው። ሁለተኛ፣ አሮጌ ባክአፕ "ሰርዝ" ስላላችሁ ቦታ አይለቀቅም። ሬስቲክ ፎርጌት ከተባለ በኋላ ፕሩን ይፈልጋል፤ ቦርግ ከ1.2 ወዲህ ኮምፓክት ይፈልጋል። ይህን ያልጻፈ ስክሪፕት ዲስኩን ሞልቶ ይቆማል። ሦስተኛ፣ የሚስጥር ቃሉ ከጠፋ መረጃው የለም። የሚያስመልስላችሁ ድርጅት የለም፣ የሚለመን ሰው የለም።

ራንሰምዌር ለሚያሰጋው ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጥ። ዋናው ሰርቨር ወደ ባክአፑ የሚጽፍበት ቁልፍ ካለው፣ ሰርቨሩን የያዘው ሌባም ያው ቁልፍ አለው። የባክአፑ ማሽን መጥቶ ይውሰድ። ወይም በቦርግ መጨመር ብቻ የሚፈቅደውን አሠራር አብሩ።

የት ይቀመጥ የሚለው ላይ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይላል። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለ ቢሮ አንዱን ዲስክ እዚያው ጅማ መርካቶ ያለው መጋዘን ውስጥ ቢያስቀምጥ ከእሳትና ከሌባ ያድነዋል። ሁለት ዲስክ ገዝታችሁ በየዓርቡ ተፈራረቁባቸው። አንዱ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ተነቅሎ ይገኝ፤ መብረቅ በገመድ መጥቶ የሚነካው የተሰካውን ነውና።

እና አውጥታችሁ ሞክሩት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ የደረሰበትን ኩባንያው ራሱ በግልጽ ጽፎታል። አንድ ባለሙያ ሌሊት ሲሠራ በተሳሳተው ሰርቨር ላይ ሆኖ የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋው። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባዶ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ዳምፕ የሚያደርገው ፕሮግራም 9.2 ስለነበር በየቀኑ ይከሽፍ ነበር። ክሮኑ የስህተት ኢሜይል ይልክ ነበር፤ ኢሜይሉ ግን በተቀባዩ በኩል ስለማይታመን ተመልሷል። ያዳናቸው አንድ ሰው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የያዘው ቅጂ ነው። ያ ሁሉ ባለሙያ ያለበት ቤት እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ሰው ያለበት ቢሮ በወር አንዴ የአንድ ቀን ዳምፕ ሌላ ማሽን ላይ ከፍቶ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ቢያይ አይበዛበትም።

ክትትል፦ ማን ይንገረኝ?

አብዛኛው ሰው በስክሪፕትና በቴሌግራም ቦት ይጀምራል። ጥሩ ጅምር ነው። ዲስኩ 85 በመቶ ሲሞላ፣ ባክአፕ ሲወድቅ፣ ስማርትዲ የሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን ሕመም ሲያይ መልእክት ይመጣል። ወጪ የለውም። የዲስክ ቦታ ስትለኩ አይኖዱንም፣ ማለትም ዲስኩ ሊይዝ የሚችለውን የፋይል ብዛትም ለኩ። ቦታ እያለ ትንንሽ ፋይል በዝቶ "ዲስክ ሞልቷል" የሚል ሰርቨር ሰውን ያሳብዳል።

የዚህ ዘዴ ጉድለት የሞተ ሰርቨር መልእክት አለመላኩ ነው። ቴሌግራሙ ዝም ሲል "ሁሉም ደህና ነው" ወይስ "ሰርቨሩ ጠፍቷል"? አይታወቅም። ስለዚህ ነገሩ ተገልብጦ መሠራት አለበት። ሌሊቱን ፊሽካ የሚነፋ ዘበኛን አስቡ፤ የምትነሱት ፊሽካው ሲጠፋ ነው። ሄልዝቼክስ የሚባለው አገልግሎት እንዲህ ይሠራል። ስክሪፕቱ በተሳካ ቁጥር አንድ አድራሻ ይነካል፤ በሰዓቱ ካልነካ ጩኸት ይመጣል። አፕታይም ኩማም ፑሽ በሚለው ዓይነት ክትትል ይህንኑ ይሠራል። ኩማን ራሳችሁ መጫን ትችላላችሁ። ግን ያው ሰርቨር ላይ አትጫኑት፤ ሌላ ቅርንጫፍ ወይም ሌላ ሕንፃ ያለ ማሽን ላይ ይሁን።

ከውጭ ብቻ መከታተልም ያታልላል። የጅማ መስመር ሲቆረጥ ውጭ ያለው ኩማ ሁሉም ሰርቨር ሞቷል ይላል። ቢሮ ውስጥ ግን ሰው ሥራውን እየሠራ ነው። ከውስጥ አንድ፣ ከውጭ አንድ ይኑር። ቴሌግራምም ብቻውን አይታመንም። የካቲት 2015 ዓ.ም. ላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲገደብ ቴሌግራምም አብሮ ተገድቦ ነበር። ለዋናው ማንቂያ አንድ የዩኤስቢ ሞደምና ሲም ካርድ ያዙ። ጋሙ የሚባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ኤስኤምኤስ ይልክላችኋል። ሲም ካርዱ ውስጥ ሒሳብ መኖሩን ግን አንድ ሰው ይከታተል።

ከዚህ በላይ ያሉትን በአጭሩ። ኔትዳታ በደቂቃዎች ውስጥ ይጫናል፤ በየሴኮንዱ ያለውን ያሳያል። "ሰርቨሩ ለምን ይዘገያል?" ለሚል ቢሮ ከእሱ የሚሻል የለም። መለኪያ የሚሰበስበው ፕሮሚቲየስና ግራፍ የሚያሳየው ግራፋና ጥምረታቸው ድንቅ ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ነገር መጫንና መንከባከብ ያስፈልጋል። ፕሮሚቲየስ በልማዱ የ15 ቀን መረጃ ብቻ እንደሚይዝም ብዙዎች አያውቁም፤ ያለፈውን ወር ሲፈልጉት ይደነግጣሉ። ዛቢክስ ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ ስዊቹንም ራውተሩንም ዩፒኤሱንም አንድ ላይ ለሚያይ ትልቅ ግቢ፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለሆስፒታል ይስማማል። አንድ ሰርቨር ላለው ክሊኒክ ዛቢክስ መትከል ራሱ ጠባቂ የሚፈልግ ሌላ ሰርቨር መትከል ነው።

የቆንጆ ግራፍ ነገር እኔን አያሳምነኝም። ግድግዳ ላይ ቲቪ ተሰቅሎ ግራፍ የሚታይበት ቢሮ አይቻለሁ፤ የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው። በሳምንት ከአምስት በላይ መልእክት የሚልክ ማንቂያ ደግሞ ሚውት ይደረጋል። ማንቂያ የሚሆነው ተነስታችሁ አንድ ነገር የምትሠሩበት ጉዳይ ብቻ ይሁን።

ማሻሻያ፦ ራሱ ይጫን ወይስ በእጅ?

ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አንአተንድድ አፕግሬድስ፣ ሮኪና አልማ ላይ ዲኤንኤፍ ኦቶማቲክ አሉ። የደኅንነት ማሻሻያውን ብቻ ራሱ ይጫን። ሌላው በእጅ ይሁን። በዚህ ላይ ብዙም አልከራከርም፤ በእጅ አደርገዋለሁ ያለ ሰው አያደርገውም።

ሪስታርቱ ላይ ግን እንነጋገር። አዲስ ከርነል (የሊኑክሱ እምብርት) ተጭኖ ሪስታርት ካልተደረገ አሮጌው ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው "ሰርቨሩን ሪስታርት አላደርግም፣ ያሰጋል" ይላል። ጅማ ውስጥ ግን ሪስታርቱ አይቀርም፤ መብራት ያደርግላችኋል። ያኔ ሰርቨሩ ተሞክሮ በማያውቅ ከርነል፣ ማንም በሌለበት ሌሊት ይነሳል። እኔ የምመርጠው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮ ሰው እያለ ሆን ብሎ ማስነሳት ነው።

ማሻሻያው መሃል ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ፓኬጆቹ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ዩፒኤሱን ይጠይቅ፤ በባትሪ ላይ ከሆነ ይተወው። ሁለት ሦስት ሰርቨር ላላቸው ደግሞ አፕት ካቸር አንዱ ያወረደውን ለሌላው ስለሚሰጥ ዳታ ይቆጥባል።

እዚህም ዝምታ አለ። ዕድሜው ያለቀ ሲስተም "የሚሻሻል ነገር የለም" ይላል። እውነቱን ነው፤ የሚያዘጋጅለት የለም። ሴንትኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 አበቃ። የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 አልቋል። ስክሪፕቱ ስንት ፓኬጅ እንደጫነ በየወሩ ይንገራችሁ። ሦስት ወር ሙሉ ዜሮ ካለ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ለየትኛው ቢሮ የትኛው?

አንድ ሰርቨርና ከ10 ጊጋባይት ያነሰ መረጃ ላለው ትምህርት ቤት ወይም ፋርማሲ፦ የሲስተምዲ ታይመር፣ የባሽ ስክሪፕት፣ ዳምፕና አርስናፕሾት በሁለት ተፈራራቂ ዲስክ፣ የቴሌግራም ቦት ከሄልዝቼክስ ጋር። ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል።

የቡና አቅራቢ ከሆነና አዲስ አበባ ቢሮ ካለው ቦርግ ይጨመር። ከጥቅምት ጀምሮ የግዥው ወቅት ሲገባ በቀን ብዙ መቶ ግብይት ይመዘገባል፤ የአንድ ቀን መረጃ ማጣት ከገበሬው ጋር ያጣላል። ለእነዚህ ወራት ዳምፑ በየሁለት ሰዓቱ ይሁን። ከዚያ ወደ በቀን አንዴ ይመለስ።

ክሊኒክ ምስጠራ የሌለው ዲስክ ከቢሮ ማውጣት የለበትም። የታካሚ መዝገብ የያዘ ዲስክ በባጃጅ ተረስቶ ቢቀር ነገሩ ከባክአፕ በላይ ነው። ቦርግ ወይም ሬስቲክ፤ አርስናፕሾት ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ራሱ ሉክስ በሚባለው የሊኑክስ የዲስክ ምስጠራ ይመስጠር።

ሁሉም ላይ የሚሠራ አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ስክሪፕቱን በራሳችሁ ስም ሥር አታስቀምጡ። ሥራ ስትለቁ አካውንታችሁ ሲሰረዝ የክሮን ሥራዎቻችሁም አብረው ይቆማሉ፤ ያኔም ማንም አይሰማም። ስክሪፕቶቹ በሲስተሙ ማውጫ ሥር ይሁኑ፣ ቅጂያቸው የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክ በሚይዘው ጊት ውስጥ ይቀመጥ። የሬስቲኩ ወይም የቦርጉ ሚስጥር ቃል፣ የባክአፑ ቦታና መልሶ የማውጫው ትእዛዝ በአንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ለሥራ አስኪያጁ ካዝና ይሰጥ። ሚስጥር ቃሉ በተቀየረ ቁጥር ፖስታውም ይቀየር።